ለአባት ክንድ የተለካ ሰደፍ

ዳርቢ፣ ሞንታና
ኤፕሪል 14 ቀን 1986

ለባሌ ወንድም ለኖሪስ፣

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝህ። እጅህም ዓይንህም ቤትህም ደህና ይሁኑ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

እኔና አንተ ተያይተን አናውቅም። ፊትህን የማውቀው በአንዲት ፎቶግራፍ ነው፤ ከሎዌል ጋር የጭነት መኪና ኋላ ላይ ተቀምጣችሁ፣ አንተ ስትስቅ፣ እሱ አንተን ሲያይ። ያገባሁት አንተ ላለመዝመት ድንበሩን ተሻግረህ ካናዳ ከገባህ፣ እሱም ከጦርነቱ ከተመለሰ በኋላ ስለሆነ፣ የማላውቃት ሴት ጻፈችልኝ ብትል አልቀየምህም። ሎዌል በገና ሰሞን ማረፉን የሚናገረው ደብዳቤዬ ደርሶህ ይሆናል። ካልደረሰህ አሁን እወቀው። ሳንባው ነው። መጨረሻው ላይ ብዙ አልተሰቃየም።

የምጽፍልህ ስለ ጠመንጃው ነው። ከአባታችሁ ከኦስካር ለሎዌል የተላለፈው ጠመንጃ አሁን እኔ ዘንድ አለ። በመጪው መኸር ራሴ ላድንበት አስቤያለሁ። እዚህ አገር የሥጋ ማቀዝቀዣው ባዶ ከሆነ ክረምቱ እንደሚረዝም አንተ ተወልደህ ያደግክበት ነውና አትረሳውም።

ያስቸገረኝ ሰደፉ ነው። የተለካው ለአባታችሁ ክንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ጎንበስ ሳይል በር የማይገባ ሰው ነበር አሉ። እኔ ትከሻዬ ላይ ሳስደግፈው እጄ ቃታው ጋ እንዲደርስ፣ ዓይኔም ከማነጣጠሪያው መነጽር እንዲገጥም፣ አንገቴን እንደ ዝይ ማስገግ አለብኝ። በዚያ ላይ እንጨቱ ዝናብ ሲመታው ያብጥና ጥይቱ የሚያልፍበትን የብረት ቱቦ ይገፋዋል፤ ጥይቱም ወደ ቀኝ ይሄዳል። የሰደፉ አንገት ላይም ቀጭን ስንጥቅ ወጥቶበታል።

በወጣትነትህ የጠረብከው አንተ እንደሆንክ ሎዌል ነግሮኛል። አሁንም እዚያ የጠመንጃ ሰደፍ እየሠራህ እንደምትተዳደር ሰምቻለሁ። ሳልጠይቅህ መጋዝ ላሳርፍበት አልፈለግሁም። ልቁረጠው? ወይስ ሌላ ሰደፍ ልግዛለት? የምትመክረኝን ጻፍልኝ።

አክባሪህ፣
አርዲስ ሃልቨርሰን


ኔልሰን፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ
ጁን 27 ቀን 1986

ለወንድሜ ሚስት ለአርዲስ፣

የሁላችን ጌታ ያጽናሽ፤ ጤናና ብርታት ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው መልሱ የዘገየው። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሎዌል ጥሩ ሰው ነበር።

መጋዝ እንዳይነካው። ያ እንጨት ጥቁር ዋልነት ነው፤ እናታችን ስታገባ ከአዮዋ፣ ከአባቷ ግቢ ከወደቀ ዛፍ ያመጣችው ጣውላ ነው። ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር። ለእኔ ሰጠችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ በረት ውስጥ ከላሞቹ ትንፋሽ ጋር ተቀምጬ ጠረብኩት። ሳስረክበው አባቴ ወደ ብርሃን ይዞት ወጣ፣ አገላብጦ አየው፣ ትከሻው ላይ አስደገፈው፤ ከዚያ "ይሆናል" አለ። ከእሱ አፍ "ይሆናል" ማለት ሌላው አባት ልጁን አቅፎ ከሚስመው ይበልጥ ነበር።

ስንጥቁ በቀላሉ ይጠገናል፤ እብጠቱም የሚመጣው የሰደፉ ውስጥ ዘይት ሳይቀባ ስለከረመ ነው። ጥፋቱ የእንጨቱ አይደለም።

ቅር አይበልሽና ይህ ጠመንጃ ለሴት ከባድ ነው። ሲተኮስም ርግጫው ክፉ ነው። ምክሬ ይህ ነው፤ ጠመንጃውን ከነሰደፉ እንዳለ ወደ እኔ ላኪው። በምትኩ ለቁመትሽ የሚሆን ቀለል ያለ ጠመንጃ እዚያው ሃሚልተን ካለ ሱቅ እንድትወስጂ አደርጋለሁ። አንቺም ታርፊያለሽ፤ እሱም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ኖሪስ


ዳርቢ
ጁላይ 9 ቀን 1986

ለኖሪስ፣

ሰላምና ጤና ካንተ አይለዩ። እንጨቱ የእናታችሁ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። መጋዝ አይነካውም። ቃሌን ሰጥቼሃለሁ።

ጠመንጃውን ግን አልልክም። ቤቱ እዚህ ነው።

ርግጫውን አልፈራም። የምፈራውን ልንገርህ። ባለፈው ኖቬምበር ሎዌል ከአልጋው እስከ መስኮቱ ወንበር ብቻ ነበር የሚሄደው። አንድ ጠዋት "አንቺ ሂጂ፤ ከተቃጠለው ጫካ በላይ ያለው ሜዳ ላይ አጋዘኖቹን ታገኛቸዋለሽ" አለኝ። ሄድኩ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥል ነበር። አንዲት እንስት አጋዘን ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። አንገቴን አስግጌ ተኮስኩ። መነጽሩ ቅንድቤን ሰነጠቀው፤ ጥይቱም ደረቷን ስቶ ሆዷ ላይ አረፈ። ደሟን ተከትዬ እስኪጨልም ሄድኩ፤ ዝናቡ አጠበው። በማግስቱም ተመልሼ ፈለግኋት። በድኗን የሚጠቁመኝ የቁራ ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።

ስገባ ሎዌል ቅንድቤን አይቶ "መታሻት?" አለኝ።

"ሳትኳት" አልኩት።

ያንን ጠመንጃ ያውቀዋልና አላመነኝም። ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ከአንድ ወር በኋላ ሞተ። ከእንግዲህ እንስሳ አቁስዬ አልለቅም፤ ለዚህ ነው በልኬ የተሠራ ሰደፍ የምፈልገው።

ሃሚልተን ውስጥ ዱዌይን ፔቲት የሚባል ሽማግሌ ጠመንጃ ጠጋኝ አለ። ሦስት ዓይነት አሳየኝ። አንዱ ገና ያልለሰለሰ ዋልነት ነው፤ ያምራል፣ ግን ያው እንጨት ነው። አንዱ ስስ ጣውላ በሙጫ ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ አያብጥም፣ ግን ተሸክሜው ዳገት አልወጣም። ሦስተኛው የመታጠቢያ ገንዳ የሚሠራበት ፋይበርግላስ ነው፤ መልኩ የጣራ አሸንዳ ይመስላል፣ ዝናብ ግን ምንም አያደርገውም፤ ለአጭር ክንድ የሚሆንም አለው። "መልኩን አትይው፤ አጋዘኗ አታየውም" አለኝ ፔቲት። እሱን ወሰድኩ።

አሁን የቀረኝ የብረቱ መኝታ ነው። ፔቲት እንደሚለው ብረቱን አዲሱ ሰደፍ ላይ በብሎን ማሰር ብቻ አይበቃም፤ በሙጫ ሊጥ ልክ ልኩን ማስቀመጫ ካልተበጀለት በተኮስኩ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። እሱ ሥራ ተደራርቦበት እስከ አደኑ አይደርስልኝም። ሎዌል "ያንን ጠመንጃ ከኖሪስ በላይ የሚያውቀው ሰው በዓለም ላይ የለም" ይል ነበር። እንዴት እንደምሠራው አንተ ጻፍልኝ።

አርዲስ


ኔልሰን
ኦገስት 20 ቀን 1986

አርዲስ፣

ጤና ይስጥልኝ።

የአባቴን ጠመንጃ የመታጠቢያ ገንዳ ልታለብሺው ነው። ገንዘቡም ምርጫውም ያንቺ ነው።

የጠየቅሽኝ ይኸውልሽ። ሰደፉን በጨርቅ ጠቅልለሽ በሞርሳ እሰሪው። ከቱቦው ሥር ወደ ታች የወጣ ወፍራም የብረት ምላስ አለ፤ የርግጫው ኃይል ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እሱ የሚገባበትን ጉድጓድ በመሮ ትንሽ አስፊው። ሙጫ ለስላሳ ነገር አይወድም፤ ስለዚህ የሰደፉን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሪው። ቱቦው ከምላሱ ወደ ፊት ከሰደፉ ጋር መነካካት የለበትም፤ ወረቀት አጥፈሽ ከሥሩ ስትጎትቺው ሳይያዝ ማለፍ አለበት። የቃታውንና የብሎኖቹን ቀዳዳ፣ ሙጫው እንዳይገባበት፣ በልጆች መጫወቻ ጭቃ ድፈኚ።

ሙጫውንና ማድረቂያውን እኩል ለክተሽ ቀስ ብለሽ አዋህጂ፤ ከተቻኮልሽ አየር ይገባበታል። ከጥግ ጀምረሽ ሙዪው። ብረቱን ሳታጋድዪ ቀጥ አድርገሽ አውርጂው። ብሎኖቹን በጣት ኃይል ብቻ አጥብቂ፤ ከዚያ ካለፍሽ ብረቱ ጎብጦ ይደርቃል። በጎን የሚወጣውን በሆምጣጤ በራሰ ጨርቅ ጥረጊ። እስከ ማግስቱ አትንኪው። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ያንን ጠመንጃ ለሎዌል የሰጠው እኔ ድንበሩን በተሻገርኩ ሳምንት ነው። "ለቀረልኝ ልጅ" ብሎ ነው የሰጠው። ይህን የጻፈልኝ ራሱ ሎዌል ነው፤ ለምን እንደጻፈልኝ ዛሬም አይገባኝም። ብረቱን እናንተ ወሰዳችሁ፤ ይሁን። እንጨቱ የኔ ነው። አዲሱ እንዳለቀልሽ ላኪልኝ።

ኖሪስ


ዳርቢ
ሴፕቴምበር 15 ቀን 1986

ለኖሪስ፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ያልከውን ሁሉ አደረግሁ። ደብዳቤህን ከኩሽና ጠረጴዛው በላይ በሚስማር ሰቅዬ እያነበብኩ ነው የሠራሁት። መሮ ይዤ አላውቅም ነበር፤ ቢሆንም ጉድጓዱ አማረልኝ። ወረቀቱም አለፈ። ጭቃውን ከጎረቤት ልጅ ለመንኩ። ሙጫውን ሳዋህድ የተጠነቀቅሁትን ያህል ዓሣ ስጠብስ እንኳ ተጠንቅቄ አላውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሎዌል ከሞተ ወዲህ በእጄ የሠራሁት የመጀመሪያው ነገር ነው።

በማግስቱ ብሎኖቹን ፈታሁና ብረቱን ላወጣው ሞከርኩ። አልነቃነቅ አለ። በጎማ መዶሻ መታ መታ አደረግሁት። ቆየሁና ሰደፉን በሁለት ጉልበቴ መካከል ይዤ ጎተትኩ። ብረቱና ሰደፉ እንደ ኮርቻና ፈረስ አይደሉም፤ አንድ አካል ሆነዋል።

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ፔቲት ወሰድኩት። አየት አደረገውና "ሰሙ ምን ዓይነት ነበር?" አለኝ።

"የምን ሰም?"

መነጽሩን አወለቀ። ብረቱ ከሙጫው ጋር እንዳይያያዝ አስቀድሞ ሰም እንደሚቀባ፣ ሰም ያልተቀባ ብረት እንደማይወጣ ነገረኝ። ከዚያ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ዕድሜውን በሰደፍ ሥራ ያሳለፈ የባሌ ወንድም ነው አልኩት። ደብዳቤህን አውጥቼ አሳየሁት። በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ አነበበው፤ አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

"ቀዳዳዎቹን በጭቃ ድፈኚ ብሎሻል" አለ። "ጭቃውን ያስታወሰ ሰው ሰሙን አይረሳም፣ የኔ እመቤት።"

ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝ። እሱ አያውቅህም። እኔም ብሆን አላውቅህም። ስለዚህ አንተኑ እጠይቅሃለሁ፤ የምጠይቅህም ይህችን አንዲት ጊዜ ብቻ ነው። ረስተኸው ነው?

አርዲስ


ኔልሰን
ኖቬምበር 6 ቀን 1986

አርዲስ፣

ሰም እንደሚቀባ በሙጫው ጣሳ ላይ ተጽፏል። እንኳን ትልቅ ሰው፣ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ የጻፍኩልሽ የጠየቅሽኝን ነው። ደብዳቤዬን ለማያገባው ሽማግሌ ማስነበብሽ ግን አሳፍሮኛል፤ የቤተሰብ ነገር የሱቅ ወሬ አይደለም።

ያም ሆነ ይህ የጠፋ ነገር የለም። ሙጫ በሙቀት ይለቃል። ያ ፔቲት ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ብረቱን ቀስ እያለ ያሙቀው፤ ይወጣል። የገንዳው ሰደፍ ይበላሻል እንጂ ብረቱ አይጎዳም። ሲወጣ በዋልነቱ መልሺው። አባቴ እንደያዘው አድርጊው።

ለገና እመጣለሁ። መኪናዬ ደህና ናት፤ መንገዱም ተጠርጓል ይላሉ። ሁለቱንም አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፣ ጠመንጃውንም ሰደፉንም። ድንበር ላይ ለሚያስፈልገው ወረቀት አስቤበታለሁ። አንቺም ይህን ሁሉ ጣጣ ትገላገያለሽ።

ኖሪስ


ዳርቢ
ዲሴምበር 2 ቀን 1986

ኖሪስ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ አደኑ ሊያልቅ ሲል ነው። በማግስቱ ከተቃጠለው ጫካ በላይ ወዳለው ሜዳ ወጣሁ። ቀኑ እንደ አምናው ነበር፤ ያው ዝናብ፣ ያው በረዶ። ጠመንጃው እስከ ቃታው ርሷል። እንስቷ ስትወጣ በአንድ ጉልበቴ በርከክ አልኩ፤ የተጣበቀው ሰደፍ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ዓይኔ ሳልፈልገው ከመነጽሩ ጋር ገጠመ። አንድ ጥይት ተኮስኩ። ሦስት አራት ጊዜ ተራመደችና ተንበረከከች። ስደርስ ሞታ ነበር። አጠገቧ በረዶው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ካራዬን አወጣሁ።

ፔቲት ያልከውን እኔም ሳልጠይቀው ነግሮኛል። ብረቱን አሙቆ ማላቀቅ ይችላል። የዒላማ ተኳሾች አውቀው እንደዚህ የሚያጣብቁም አሉ፤ ቃታውም ቢሆን ከሥር ተከፍቶ ይጠገናል አለኝ። "ላሙቀው ወይስ ይቅር?" ሲለኝ "ይቅር" አልኩት። ከእንግዲህ ጠመንጃው ይኸው ነው። እኔ እስካለሁ ድረስ በኔ ክንድ ልክ ይኖራል።

የጠየቅሁህን አልመለስክልኝም። አሁን መልሱን አልፈልገውም።

ስለ ሎዌል ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። "ጥሩ ሰው ነበር" ብለህ ጽፈህልኛልና። ሎዌል የወጣው እንደ አባታችሁ ሳይሆን እንደ እናታችሁ ነው፤ ቁመቱ ከኔ ብዙ አይበልጥም ነበር። አንተ ስትሄድ ገና እያደገ ነበርና አታውቅ ይሆናል። ሰደፉ እኔን እንዳስቸገረኝ እሱንም ያስቸግረው ነበር። በየመኸሩ ክንዱ ላይ እንደ ፕሪም ፍሬ የጠቆረ ብልዝ ይዞ ነው የሚመለሰው። "እባክህ አስቆርጠው" ስለው "ኖሪስ መጥቶ ተቆርጦ ቢያገኘው ምን ይለኛል?" ይለኝ ነበር። ምሕረቱ የታወጀ ዓመት፣ ድንበር የተሻገሩት ሁሉ ያለ ፍርሃት መመለስ ሲችሉ፣ በረንዳውን ቀለም ቀባ፤ የኋላውን ክፍል አጽድቶ አልጋ አስገባበት። በጋው አለፈ። ሌላም በጋ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ስለ አንተ መምጣት ማንሳት ተወ። ሰደፉን ግን አልቆረጠም።

አባታችሁ "ለቀረልኝ ልጅ" ያለውን ለምን እንደጻፈልህም አውቃለሁ። ነግሮኛል። "ቢቆጣ ይመጣል ብዬ ነበር" አለኝ።

ከኔልሰን እስከዚህ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሎዌል ካርታው ላይ በእርሳስ አስምሮበት ነበር። ለአባትህ ቀብር ባለመምጣትህ አልፈርድብህም፤ ያኔ ድንበሩ ላይ ያስሩህ ነበር። ለወንድምህ ግን መንገዱ ክፍት ነበር፤ ደብዳቤዬም ደርሶህ ነበር። አሁን መኪናህ ደህና የሆነችው፣ መንገዱም የተጠረገው፣ ለጠመንጃ ነው።

የዋልነቱን ሰደፍ ትናንት በፖስታ ልኬልሃለሁ። መጋዝ አልነካውም። ስንጥቁን ፔቲት በሙጫ ይዞልሃል፤ የሠራበትን አልቀበልም ብሎኛል። ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት ውስጥ ያንተ የሆነ ነገር የለም።

ሎዌል ያለው ከዳርቢ ወጣ ብሎ ያለው መቃብር ነው፤ ከአባታችሁ በስተግራ፣ አጥሩ አጠገብ። ድንጋዩ ገና አልቆመለትም፤ ስሙ የተጻፈው እንጨት ላይ ነው። ወደዚያ ለመሄድ የኔ ፈቃድ አያስፈልግህም። ወደ ቤት ግን አትምጣ።

አርዲስ